ፎቶግራፉ አለ፤ ስሙስ የት አለ?

ሳልሚያ በሚገኘው የሳይንስ ማዕከል አጠገብ፣ ከባሕሩ ዳር፣ «ፈትሕ አል-ኸይር» የምትባል ትልቅ የእንጨት መርከብ ቆማለች። እ.ኤ.አ. በ1938 የተሠራች ስትሆን፣ የነዳጅ ዘመን ከመምጣቱ በፊት ውቅያኖስ ያቋርጡ ከነበሩት የኩዌት መርከቦች መካከል እስከ ዘመናችን ከደረሱት እጅግ ጥቂቶች አንዷ ናት። በጁምዓ ከሰዓት በኋላ በዚያ ያለፈ ሰው፣ የዕረፍት ቀናቸውን ያገኙ እኅቶቻችን ሒጃባቸውን አስተካክለው፣ መርከቧን ከኋላቸው አድርገው ፎቶ ሲነሡ ያያል። ፎቶው ወዲያው ወደ ደሴ፣ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ጅማና ወደ ሐረር ይላካል። «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» የሚል የዝምታ ደብዳቤ ነው። ከበስተጀርባ የቆመችው መርከብ ግን የኩዌትንና የአፍሪካን አሮጌ ዝምድና የምታስታውስ መሆኗን ከሚነሡት ብዙዎቹ የሚያውቁ አይመስለንም።

መርከቧ በተሠራችበት ዓመት ማብቂያ ላይ፣ አለን ቪሊየርስ የተባለ በአውስትራሊያ የተወለደ መርከበኛና ጸሐፊ፣ ካሜራውን ይዞ በዓደን በአንዲት የኩዌት ቡም ተሳፈረ። መርከቧ «በያን» ትባላለች፤ ነኹዛዋ ዐሊ ቢን ናስር አን-ነጅዲ ነበሩ። «በያን» ከሐድረመውት ወደቦች መንገደኞችን አሳፍራ፣ የወቅቱን ነፋስ ተከትላ ወደ ሞቃዲሾ፣ ወደ ላሙ፣ ወደ ሞምባሳና ወደ ዛንዚባር ወረደች። የሩፊጂ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ረግረግ የማንግሮቭ ግንድ ጭና፣ ነፋሱ አቅጣጫውን ሲለውጥ ተመለሰች፤ በ1939 የበጋ መግቢያም ኩዌት ደረሰች። ያ ግንድ በኩዌት ሰዎች አነጋገር «ቸንደል» ይባላል። በአሮጌዋ ከተማ የጭቃ ቤቶችን ጣሪያ ተሸክሞ የኖረው እርሱ ነው። የኩዌት አባቶች ከቀኑ ሐሩር የተጠለሉት በአፍሪካ እንጨት ሥር ነበር ማለት ነው።

ቪሊየርስ በዚያ ጉዞ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ዛሬ በለንደን፣ ግሪኒች በሚገኘው ብሔራዊ የባሕር ቤተ መዘክር ተቀምጠዋል። ቀድሞ እነርሱን ለማየት ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ያስፈልግ ነበር። አሁን ግን የአውሮጳ ቤተ መዘክሮችና ቤተ መዛግብት ስብስቦቻቸውን ተራ በተራ በበይነ መረብ ላይ እየዘረጉ፣ ዐውደ ርዕያቸውንም ከግድግዳ ወደ ስልክ መስታወት እያወረዱ ይገኛሉ። በ2020 ወረርሽኙ በሮችን ሁሉ ሲዘጋ፣ እዚህም ጅሊብ አሽ-ሹዩኽና መህቡላ ተከልለው በነበሩበት ወራት፣ ይህ ልማድ በዓለም ዙሪያ ይበልጥ ተስፋፋ። ሌሊት ሥራዋን ጨርሳ በትንሽ ክፍሏ ስልኳን የምትከፍት እኅት፣ በቀን ልትሄድበት የማትችለውን የለንደን ቤተ መዘክር በመዳፏ ይዛዋለች።

ይህ መልካም ዜና ነው። እንዲህ ያሉ ዐውደ ርዕዮች ሲከፈቱ ግን በብዛት የሚነገር አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «ድልድይ» የሚለው ነው። የአፍሪካንና የአውሮጳን ባህል የሚያገናኝ ድልድይ ይባላሉ። ድልድይ የሚባለው ከሁለቱም ወገን የሚሻገሩበት ሲሆን ነው። አንደኛው ወገን ብቻ ተሻግሮ አይቶ፣ አንሥቶና ጽፎ የተመለሰበት መንገድ ገና ግማሽ ድልድይ ነው። የዛሬው ርዕሰ አንቀጻችን ስለ ቀሪው ግማሽ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ሐረር እንሂድ። ሐረር በግብጾች አስተዳደር ሥር በነበረችበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1883፣ ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በዚያ የንግድ ሠራተኛ ነበር። ከአገሩ ካሜራ አስመጥቶ የራሱን ምስል አነሣና ለቤተሰቡ ላከ፤ ለማጠቢያ የተጠቀመበት ውኃ መጥፎ በመሆኑ ፎቶዎቹ እንደነጡበትም በደብዳቤው ቅሬታውን ገለጸ። ከዚያ ዓመት ሥራዎቹ መካከል እስከ ዛሬ የተረፉት ጥቂት ናቸው። አንደኛው የአው አባድርን ቁባ ያሳያል። ሌላው ደግሞ በገበያ ቦታ መሬት ላይ ተቀምጦ የሚሠራ የከረጢት ሠሪ ምስል ነው።

ስለ ፎቶ አንሺው መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ በሐረር የጁገል ግንብ ውስጥም በስሙ የሚጠራ ቤተ መዘክር አለ፤ የከተማው ሰው «ራምቦ ቤት» ይለዋል። የከረጢት ሠሪው ስም ግን የለም። «ከረጢት ሠሪ» ተብሎ ቀርቷል። ያ ሰው በእርግጥ ስም ነበረው። አባቱ አቂቃ አርዶ ስም ያወጣለት፣ በመስጊድ አጠገቡ የሚሰግደው ሰው በስሙ ሰላም የሚለው፣ ምናልባትም የልጅ ልጆቹ ዛሬ በዚያው ጁገል ውስጥ የሚኖሩ ሰው ነበር። ፊቱ ከ140 ዓመት በላይ ተጠብቆ ሳለ ስሙ ጠፋ። ስሙን የጠየቀው፣ ጠይቆም የጻፈው አልነበረምና።

ሦስተኛው ምሳሌ ለእኛ ለባሕረ ሰላጤ ነዋሪዎች ይበልጥ ይቀርባል። ዊልፍሬድ ቴሲገር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1910 በአዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ነው። በ1933 እና በ1934 የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ በአፋር ምድር ተጓዘ፤ በአውሳም ሱልጣን ሙሐመድ ያዮን አገኘ፤ ወንዙ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ እንደሚያበቃም አየ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ይኸው ሰው ከበደዊ ጓደኞቹ ጋር ሩብዕ አል-ኻሊን ሁለት ጊዜ በግመል አቋረጠ፤ እነርሱም «ሙባረክ ቢን ለንደን» ብለው ጠሩት። 38 ሺህ ገደማ የሚሆኑ ፎቶግራፎቹ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የፒት ሪቨርስ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። በተወለደ በ100ኛው ዓመት፣ በ2010፣ ቤተ መዘክሩ የአፍሪካ ፎቶግራፎቹን ለብቻቸው አውጥቶ ለሕዝብ አሳይቷል።

አንድ ዓይን የአፋርን እረኛና የዐረቢያን በደዊ አይቷል፤ አንድ መዝገብም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧል። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የሚታየውን ያን መመሳሰል፣ የግመሉን አያያዝ፣ የሽርጡን አስተጣጠቅ፣ የእንግዳ አቀባበሉን ሥርዓት ከእኛ በላይ ማን ሊያነብበው ይችላል? ነገር ግን መግለጫ ጽሑፉ ላይ ስንደርስ፣ የዚያ ዘመን የውጭ ሰዎች የጻፉት «ደናኪል» ብለው ነው። ሕዝቡ ግን ራሱን አፋር ብሎ ይጠራል። በሌሎች የዚያ ዘመን ስብስቦችም ከዚህ የከፉና ሕዝቡ የሚጠላቸው መጠሪያዎች ይገኛሉ።

ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት አላህ (ሱ.ወ.) የሰውን ልጅ በጎሳና በነገድ የከፈለው እርስ በርሱ እንዲተዋወቅ መሆኑን ያስተምረናል። በዚያው ሱራ ውስጥ፣ ከዚህ አንቀጽ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሰዎች በሚጠሉት ቅጽል ስም መጠራራት ተከልክሏል። ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ሱራ መቀራረባቸው ልብ ሊባል ይገባል። መተዋወቅ የሚጀምረው ስምን በትክክል ከመጥራት ነው። ባህልን ከባህል አስተዋውቃለሁ የሚል ዐውደ ርዕይ ሁሉ በዚህ ሚዛን ሊመዘን ይችላል፦ ፊቱን ብቻ አሳየን ወይስ ስሙንም ነገረን?

ይህ የማይቻል ነገር እንዳልሆነ ኩዌት ራሷ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 የቪሊየርስ ፎቶግራፎች በመጽሐፍ ተሰብስበው በለንደን ሲታተሙ፣ ከአዘጋጆቹ አንዱ ኩዌታዊው የባሕር ታሪክ ተመራማሪ ያዕቁብ አል-ሒጂ ነበሩ። እኒህ ሰው ስለ መርከብ አሠራርና ስለ ኩዌት ነኹዛዎች ለረጅም ዓመታት ያጠኑና የጻፉ ናቸው። ፎቶዎቹ በእንግሊዝ ነበሩ፤ ዕውቀቱ ግን በኩዌት ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ «የዐረብ መርከበኛ» ብቻ ተብሎ ሊቀር ይችል የነበረው ምስል የባሕር ሙያ፣ የወደብና የቤተሰብ ታሪክ ሆነ። ድልድዩ ከሁለቱም ወገን የተሠራው ያን ጊዜ ነው። ለሐረር፣ ለአውሳ፣ ለወሎና ለባሌ የድሮ ፎቶግራፎችስ ይህን የሚያደርግ ማን ነው?

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢዎቻችን የሚያነሡት የሸሪዓ ጥያቄ አለ፤ አልፈነው ልንሄድ አይገባም። ካሜራ ወደ ሙስሊሙ ዓለም ሲገባ ዑለማዎች በጉዳዩ ላይ ተለያይተዋል። የግብጽ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ፣ ፎቶግራፍ በብርሃን የተፈጠረን ጥላ መያዝ እንጂ የአላህን ፍጥረት ለመምሰል መሥራት አይደለም በማለት መፈቀዱን በተለየ ድርሳን አስረድተዋል። ሌሎች ዑለማዎች ደግሞ ከአስገዳጅ ጉዳይ በቀር መጠንቀቅን መርጠዋል። ይህን ልዩነት በጋዜጣ ዓምድ አንፈታውም። ሁሉም በሚስማሙበት ነገር ላይ ግን አጥብቀን እንናገራለን፦ የሰው ክብር፣ የሴት ልጅ ገመናና የባለቤቱ ፈቃድ የተጠበቁ ናቸው። ያለ ፈቃዷ የተነሣችን ሴት ምስል መበተን በየትኛውም መዝሀብ የሚያስመሰግን ሥራ አይደለም።

ይህን የምንለው በሩቅ ዘመን ስላለፈ ነገር ብቻ አስበን አይደለም። በ2019 ማብቂያ ላይ ቢቢሲ ዐረብኛ ያወጣው ምርመራ፣ በስልክ መተግበሪያዎችና በማኅበራዊ ገጾች የቤት ሠራተኞች ፎቶ ከዋጋ ጋር እንደ ዕቃ ይወጣ እንደነበር አጋልጧል። የኩዌት ባለሥልጣናት ማስታወቂያ አውጪዎቹን ጠርተው ማስታወቂያዎቹን እንዲያነሡ አድርገዋል። አገሪቱ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2015 ባወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 የሠራተኛዋን መብት፣ ከመብቶቹም መካከል የሳምንት ዕረፍቷን፣ በጽሑፍ ደንግጋለች። ሕጉ በእያንዳንዱ ቤት ሙሉ በሙሉ እንዲከበር ሁሉም የበኩሉን መወጣት እንዳለበት ደጋግመን ጽፈናል።

እነዚያን የማስታወቂያ ፎቶዎች ከዛሬው ጉዳያችን ጋር የሚያገናኛቸው መግለጫ ጽሑፋቸው ነው። ዕድሜ፣ አገር፣ ሃይማኖት፣ «ጠንካራ ናት»፣ «ትስቃለች»፣ ከዚያም ዋጋ። ከ1883ቱ ከረጢት ሠሪ ጀምሮ እስከዚህ ድረስ የሚዘልቅ አንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ሰውን በሥራው ብቻ መጥራትና ስሙን መተው ነው። የመጀመሪያው ቸልተኝነት ነው፤ የኋለኛው ወንጀል ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው አንልም። ይሁንና ስሙ የተተወ ሰው ዋጋ ለማውጣት የሚቀል ሰው ነው። በሳልሚያ ባሕር ዳር በራሷ ፈቃድ፣ ደስ ብሏት፣ ለእናቷ ብላ የምትነሣው እኅትም ያችው እኅት ናት፤ ስልኩም ያው ስልክ ነው። ልዩነቱ ማን አነሣው፣ ለምን አነሣው፣ ከሥሩስ ምን ጻፈ የሚለው ነው።

ደስ የሚለው ነገር የእኛው ዓይን ከካሜራው ጀርባ ከቆመ ቆይቷል። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት የአፍሪካንና የሌላውን ዓለም ፎቶ አንሺዎች በአዲስ አበባ አገናኝቷል። በዚያ መድረክ አፍሪካዊው ሲታይ የኖረ ብቻ ሳይሆን የሚያይም ሆኖ ቀርቧል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከአንድ አውሮጳዊ ባልደረባቸው ጋር ሆነው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ከየቤቱ አልበም የድሮ ፎቶዎችን እየሰበሰቡ በማኅበራዊ ገጽ አሳይተዋል፤ በመጽሐፍም አውጥተዋል። ሠርግ፣ የትምህርት ቤት ምረቃ፣ አዲስ የተገዛ መኪና፣ በፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት የቆሙ ጓደኛሞች በዚያ ይታያሉ። ፎቶዎቹ የመጡት ከባለቤቶቻቸው እጅ ስለሆነ ታሪካቸውንም ይዘው መጡ።

የደሴው፣ የጅማው፣ የድሬዳዋው፣ የሐረሩና የአልከሶው አልበምስ? የመውሊድ ድግሱ፣ የመድረሳው ምረቃ፣ ከሐጅ የተመለሱት አባት አቀባበል፣ በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ወደ ጂዳና ወደ ኩዌት የመጡት የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ፎቶስ? በብዛት በሳጥን ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ይገኛል። በሐወሊ የምትኖር አንዲት የወሎ እኅታችን በቅርቡ በስልኳ ያለ አንድ ፎቶ አሳየችን። እናቷ ወጣት ሳለች በደሴ ፎቶ ቤት ከሌላ ወጣት ሴት ጋር ተያይዘው የተነሡት ነው። ይህችኛዋ ማን ናት ብለን ጠየቅናት። ዝም አለች፤ ከዚያም «እሷን የምታውቃት እናቴ ነበረች፤ እናቴ ደግሞ ዓምና ወደ አኺራ ሄደች» አለችን። እነሆ፣ ሌላ ስም ጠፋ። ይህኛውን ያጠፋው የውጭ ሰው አልነበረም። እኛው ነን፤ በጊዜው አልጠየቅንም።

«ደመወዝ የዘገየባት፣ ወረቀቷ ያልተስተካከለላት እኅት እያለች ስለ ድሮ ፎቶ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለን አይጠፋም። ጭንቀቱ እውነት ነው፤ መብት ይቅደም። ነገር ግን ሰው በእንጀራ ብቻ የሚኖር ቢሆን ኖሮ፣ ያቺው እኅት ከደመወዟ ላይ የስልክ ካርድ ገዝታ ፎቶዋን ወደ አገር ቤት ባልላከች ነበር። ኩዌትም ይህን ታውቃለች። በ1990ው ወረራ ብሔራዊ ቤተ መዘክሯ ተዘርፎ ሲቃጠል፣ ከነጻነት በኋላ የተዘረፈውን ለማስመለስና የተጎዳውን ለመጠገን የደከመችው ትዝታ ከኑሮ ውጭ የሆነ ጌጥ ባለመሆኑ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ትዝታ በአንድ እሳት ይጠፋል። ፎቶግራፍን በበይነ መረብ ማኖር ከሚሰጣቸው ጥቅሞች አንዱም ይኸው ነው።

ስለዚህ ሦስት ወገኖችን እናሳስባለን።

የመጀመሪያው የአውሮጳ ቤተ መዘክሮች ናቸው። ስብስባቸውን በበይነ መረብ መክፈታቸው ያስመሰግናቸዋል። ሥራው የሚሟላው ግን መግለጫ ጽሑፉ በዐረብኛ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በአፋርኛና በሐረሪ ቋንቋ ሲነበብ፣ ከሥሩም «ይህን ሰው ታውቁታላችሁን?» የሚል ጥያቄና መልስ መቀበያ ሲኖር ነው። የሚያዋርዱ የድሮ መጠሪያዎችም እንደ ታሪክ ተመዝግበው፣ ትክክለኛው ስም ከፊታቸው ሊቀመጥ ይገባል።

ሁለተኛው እዚህ ያሉት ተቋማት ናቸው። የኩዌት የባህል፣ የኪነ ጥበባትና የሥነ ጽሑፍ ብሔራዊ ምክር ቤት ከ1973 ጀምሮ የአገሪቱን ባህል ሲጠብቅና ሲያስፋፋ ኖሯል። የቪሊየርስን የባሕር ፎቶግራፎች ከአፍሪካ ቀንድና ከምሥራቅ አፍሪካ ፎቶግራፎች ጋር በአንድ የበይነ መረብ ዐውደ ርዕይ ቢያገናኝ፣ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ማኅበራትም ስምና ትርጉም በመስጠት ቢተባበሩ፣ የኩዌት ልጅ ቸንደሉ ከየት እንደመጣ ያያል፤ ቤቱ ውስጥ የምትሠራዋ እኅትም ከዚያ ወገን መሆኗን ያስተውላል። እንዲህ ያለው ማየት ከብዙ ንግግር ይልቅ ልብን ያለሰልሳል።

ሦስተኛው እኛው ነን። ለዚህ በጀትም ሆነ ፈቃድ አያስፈልግም። በመጪው ጁምዓ ወደ አገር ቤት ስንደውል፣ አባታችንን ወይም አክስታችንን አሮጌውን አልበም እንዲያወጡ እንለምናቸው። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ማን እንዳለ፣ የት እንደተነሣ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ እንጠይቃቸው፤ ድምፃቸውንም እንቅዳ። ከወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ ይጻፍ፤ በስልክ ያለውም ከሥሩ ስም ይኑረው። ስልክ ይሰበራል፣ ገጽም ይዘጋልና በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ። የሰው ፎቶ ከማውጣታችን በፊትም ባለቤቱን እናስፈቅድ፤ በተለይም የእኅቶቻችንን። ያለፉት ሰዎች ፈቃዳቸውን ሊነግሩን አይችሉምና በእነርሱ ፋንታ ቤተሰባቸውን እንጠይቅ።

በሳልሚያ ባሕር ዳር የምትነሣው እኅታችን ፎቶም አንድ ቀን አሮጌ ይሆናል። ከ100 ዓመት በኋላ አንድ ሰው በአንድ መስታወት ላይ ሲያየው፣ «የቤት ሠራተኛ፣ ኩዌት» የሚል ብቻ አያንብብ። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የመጣችበትን ቀበሌና የላከችላትን እናት ያንብብ። ያን የሚጽፈው የዛሬው እጃችን ነው።

ወቢላሂ ተውፊቅ።